የሐይቅ ጥንታዊነትና ሦስቱ ምስክሮቹ

ስለ አገራችን ጥንታዊነት በተነገረ ቍጥር የብዙ ሰው ዐሳብ ፈጥኖ የሚሄደው ወደ አክሱም ሐውልቶች፥ ወደ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትና ወደ ጎንደር ግንቦች ነው። ይህ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ድንጋይ ቆሞ የሚታይ ምስክር ስለ ሆነ ዐይንን ይስባል። ነገር ግን ከዚህ የተነሣ፥ እንዲህ ያለ ታላቅ ሐውልት የሌለው ስፍራ ሁሉ ታሪክ የሌለው መስሎ ይታያል። በደሴና በኮምቦልቻ የምንማር ተማሪዎችም፥ «የእናንተ አገር ምን ጥንታዊ ነገር አለው?» ተብለን ስንጠየቅ መልሱ የሚያጥረን ስለዚህ ነው።

እርግጥ ነው፤ ደሴ እንደ ከተማ ስትታይ ገና ወጣት ናት። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870ዎቹ ዓመተ ምሕረት ሰፍረው ስም ያወጡላት፥ ኋላም ንጉሥ ሚካኤል መቀመጫቸው አድርገው ያስፋፏት ከተማ ናት። ኮምቦልቻም ይበልጡን ያደገችው የመኪና መንገድና ፋብሪካ ከመጣ ወዲህ ነው። ይሁን እንጂ የከተማ ዕድሜና የአገር ዕድሜ አንድ አይደሉም። ከደሴ ተነሥተን በወልድያ መንገድ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብንሄድ፥ የሰው ልጅ ከብዙ ሺህ ዘመን ጀምሮ መሬቱን ሲያርስ፥ ከብቱን ሲያሰማራና ጸሎቱን ሲያደርስ ከኖረበት ስፍራ እንደርሳለን። ይኸውም በተሁለደሬ ወረዳ ያለው ሐይቅ ነው።

ሐይቅ የውሃውም የከተማውም ስም ነው። ቃሉ በአማርኛ በየብስ የተከበበ ውሃን ሲያመለክት፥ በግዕዝ ግን የባሕር ዳርቻ ማለት ነው። ውሃው 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፥ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል። ከእርሱ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ሐርዲቦ የሚባል ወንድም ሐይቅ አለው፤ የሐርዲቦም ትርፍ ውሃ በወንዝ ወርዶ ከሐይቅ ይገባል። ከሐይቅ ግን በምድር ላይ ፈስሶ የሚወጣ ወንዝ የለም። ይህን ነገር አንባቢው እንዲያስታውሰው ያስፈልጋል፤ ወደ ውስጥ የገባው አፈር ሁሉ ከሥሩ እየተዘቀጠ ይቀራል ማለት ነውና፥ ኋላ ለምናነሣው ጉዳይ ቁልፉ ይህ ነው።

የዚህን ስፍራ ጥንታዊነት ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ሦስት ምስክሮችን መጠየቅ ይችላል። የመጀመሪያው የሽማግሌዎች ቃል ነው፤ ሁለተኛው ብራና ነው፤ ሦስተኛውም ከሐይቁ ሥር የተኛው ጭቃ ነው። ሦስቱም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። አንዱ የሚያውቀውን ሌላው አያውቅም፤ ስለዚህም እንደ መልካም ዳኛ እያንዳንዱን ለብቻው ሰምቶ በኋላ ማስተያየት ይገባል።

ከሽማግሌዎች ቃል እንጀምር። የሐይቁ አፈጣጠር ሲተረክ፥ በጥንት ዘመን በአንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ግፍ ተፈጸመ፤ እግዚአብሔርም ተቈጥቶ በዙሪያዋ ያለውን ምድር ሁሉ ውሃ አደረገው፤ እርሷ የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ደሴት ሆና ቀረች ይባላል። የገዳሙም ትውፊት በበኩሉ፥ በደሴቲቱ ላይ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን የተተከለው በ9ኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ድልናዖድ ዘመነ መንግሥት ነው ይላል።

ዛሬ ወደ ገዳሙ የሚሄድ ሰው ግን ደሴት አያገኝም፤ በእግሩ በደረቅ መሬት እየሄደ ይገባል። ታዲያ ሽማግሌዎቹ ተሳስተዋልን? አልተሳሳቱም። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ አገራችን ገብቶ 6 ዓመት የቈየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ሐይቅ አይቶ ጽፏል። በዘመኑ ገዳሙ በእርግጥ በደሴት ላይ ነበረ፤ መነኰሳቱም ከሸምበቆ በተሠራ ታንኳ ይመላለሱ ነበር፤ በደሴቲቱም ሎሚና ብርቱካን ይበቅል ነበር፤ ውሃውም ጉማሬ ነበረበት። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የሐይቁ ውሃ ጐድሎ ደሴቲቱ ከየብስ ተገናኝታለች። የቃል ትውፊት ምክንያቱን በተአምር ቢገልጸውም፥ በዚህ ስፍራ ውሃና ምድር ቦታ መለዋወጣቸውን ግን አልዘነጋም።

ሁለተኛው ምስክር ብራና ነው። የሐይቅ የጽሑፍ ታሪክ በሚገባ የሚጀምረው በ13ኛው መቶ ዓመት ነው። በ1240 ዓ.ም. ገደማ አባ ኢየሱስ ሞዐ የሚባሉ መነኵሴ፥ በትግራይ በደብረ ዳሞ ገዳም ተምረው ወደ ሐይቅ መጡ። ከዚያም እስከ ዕረፍታቸው ድረስ አርባ ዓመት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ስፍራውን የጸሎት ብቻ ሳይሆን የትምህርት ቤትም አደረጉት። ከተማሪዎቻቸው አንዱ በኋላ ደብረ ሊባኖስን የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። ደግሞም በ1416 ዓ.ም. መጽሐፈ ምሥጢርን የፈጸሙት ታላቁ ደራሲ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ የተማሩት በዚሁ በሐይቅ ነው።

በዚህ ገዳም ከሚገኙት ቅርሶች ሁሉ የሚበልጠው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ነው። ይህ ብራና የተጻፈው በ1273 ዓ.ም. ሲሆን፥ ዓመተ ምሕረታቸው ተለይቶ ከሚታወቀው የአገራችን መጻሕፍት መካከል ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። በውስጡም የአባ ኢየሱስ ሞዐ ሥዕል አለበት። ለታሪክ ተመራማሪ ግን ከሥዕሉ ይልቅ የሚጠቅመው በባዶ ቦታዎቹ ላይ የተጻፈው ማስታወሻ ነው። የጥንት መነኰሳት የገዳሙን ንብረትና የተቀበሉትን ስጦታ በወንጌል ላይ መመዝገብ ልማዳቸው ነበር፤ በወንጌል ላይ የተጻፈውን ለመካድ ማንም አይደፍርምና። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ ሐይቅ አበምኔቶች ያሳተሙት ጥናት፥ ከእንዲህ ያለ ጽሑፍ የአንድን ስፍራ የሦስት መቶ ዓመት ታሪክ ማውጣት እንደሚቻል ያሳያል።

ብራና ግን ብራና ስለ ሆነ ብቻ ያለ ምርመራ አይታመንም። ለምሳሌ በ1262 ዓ.ም. የዛጔ መንግሥት አልፎ ዐፄ ይኵኖ አምላክ ሲነግሡ፥ ንጉሡን የረዳቸውና ቃል ኪዳን የተቀበለው ማን ነው? ገድለ ኢየሱስ ሞዐ ክብሩን ለሐይቅ ይሰጣል፤ የተክለ ሃይማኖት ገድል ደግሞ ለደብረ ሊባኖስ ይሰጣል። ሁለቱም ገድሎች የተጻፉት ነገሩ ከተፈጸመ ከብዙ ዘመን በኋላ፥ ሁለቱ ገዳማት በቤተ መንግሥት ዘንድ ታላቅ ሥልጣን ይዘው በነበሩበት ጊዜ ነው። የሐይቁ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት እየተባለ ከንጉሡ አማካሪዎች ከፊተኞቹ ይቈጠር ነበር። ስለዚህ አስተዋይ አንባቢ ገድልን ሲያነብ፥ «ይህ የተጻፈው መቼ ነው? ለማንስ ጥቅም ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እንዲህ ብሎ መጠየቅም መድፈር አይደለም፤ የታሪክ ትምህርት መጀመሪያው ነው።

የሐይቅ ክብር እስከ 16ኛው መቶ ዓመት ዘለቀ። በ1520ዎቹ የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ወደ ወሎ በመጣ ጊዜ፥ የኢማሙ ታሪክ ጸሓፊ ሺሃብ አድ-ዲን እንደ መሰከረው፥ ወታደሮቹ ወደ ደሴቲቱ በታንኳ ተሻግረው ብዙ ሀብት ወሰዱ። ከዚያም በኋላ የኦሮሞ ሕዝብ ወደዚህ አገር መጥቶ ተቀመጠ። እስልምናም ተስፋፋ። ዛሬ ተሁለደሬ ብዙ ሙስሊሞች ከክርስቲያን ወንድሞቻቸው ጋር በአንድ ገበያ የሚገበያዩበት፥ በሐዘንና በደስታ የሚጠራሩበት አገር ነው። ገዥውና ስሙ ቢለዋወጥም ስፍራው ባዶ አልቀረም። ይህን ሁሉ አልፎም የ1273ቱ ወንጌል ለእኛ ዘመን ደርሷል።

እዚህ ላይ ግን የብራናው ምስክርነት ጐደሎነት ይታያል። መጻሕፍቱ የሚነግሩን ስለ ነገሥታት፥ ስለ አበምኔቶችና ስለ ጦር ነው። ለእነዚህ ሁሉ እህል ያበቀለው፥ ቤታቸውን የሚሠሩበትን እንጨት የቈረጠው ገበሬ በብራና ላይ ስሙ የለም። ከአባ ኢየሱስ ሞዐ በፊት ማን ይኖር እንደ ነበረም ብራናው እምብዛም አይናገርም። ድንጋይ ጨርሶ የለም ማለት አይደለም፤ በኮምቦልቻ አቅራቢያ ከአለት የተጠረበ ጥንታዊ የአንበሳ ምስል አለ። ነገር ግን የገበሬውን ታሪክ በይበልጥ ጠብቆ ያቈየው ሦስተኛው ምስክር፥ የሐይቁ ጭቃ ነው።

ጭቃ እንዴት ይናገራል? ነገሩ እንዲህ ነው። ዛፍም ሆነ ሣር ሲያብብ እጅግ ደቃቅ ብናኝ በነፋስ ይበትናል። ከዚህ ብናኝ ከፊሉ በሐይቁ ላይ ይወድቅና ከሥር ይዘቅጣል፤ በየዓመቱም አዲስ ደለል ይሸፍነዋል። የአበባ ብናኝ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለ ሆነ አየር በማያገኘው ጭቃ ውስጥ ብዙ ሺህ ዓመት ሳይበሰብስ ይቈያል። የጥድ ብናኝ ከዝግባው፥ የወይራው ከሣሩ በመልኩ ይለያል። ተመራማሪዎች ረጅም ቱቦ ወደ ሐይቁ ሥር አስገብተው ጭቃውን እንደ ተደራረበ ያወጡታል፤ ከዚያም ከየደረጃው ጥቂት ጥቂት እየወሰዱ ብናኙን በማይክሮስኮፕ ይቈጥራሉ። ከላይ ያለው ጭቃ የቅርብ ዘመን፥ ከታች ያለው የሩቅ ዘመን ነው። ይህን የመቍጠር ሥራ በ1916 እ.ኤ.አ. ለዓለም ሊቃውንት ያቀረበው ሌናርት ፎን ፖስት የሚባል ስዊድናዊ ነው።

የጭቃው ዕድሜ የሚታወቀው ደግሞ አሜሪካዊው ዊላርድ ሊቢ በ1940ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘዴ ነው። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ በውስጡ ጥቂት ራዲዮካርቦን አለው፤ ከሞተ በኋላ ግን ይህ ካርቦን እየቀነሰ ሄዶ በ5,730 ዓመት ገደማ ግማሹ ይጠፋል። የቀረውን መጠን በመለካት ነገሩ ከሞተ ስንት ዘመን እንደ ሆነ ይሰላል። ሊቢም በዚህ ሥራው በ1960 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

የብሪታንያና የኢትዮጵያ ሊቃውንት በአንድነት ሆነው ይህን ዘዴ በሐይቅና በሐርዲቦ ላይ ሠርተውበት፥ ውጤቱን በ2003 እ.ኤ.አ. አሳትመውታል። ጥናቱ ያለፉትን 3,000 ዓመታት የሚሸፍን ሲሆን፥ በአጭሩ የሚከተለውን ይገልጣል።

በመጀመሪያ አገሩ የዝግባና የጥድ ደን ነበረ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ዓመት ገደማ ግን ይህ ደን ተመነጠረ። በቦታውም ክትክታና ሣር ተተካ። ይህም ሁኔታ 1,800 ዓመት ያህል ቈየ። ከዚያ በኋላ፥ በተለይም ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ፥ የጥድ ደን ከወይራና ከሌሎች ዛፎች ጋር ተመልሶ ተስፋፋ። ባለፉት ሦስት መቶ ዓመታት ደግሞ እንደ ገና እየተመነጠረ ሄደ፤ የአፈሩም መታጠብ በረታ።

ይህ አጭር ቃል ምን ያህል ከባድ ነገር እንደ ያዘ እናስተውል። አንደኛ፥ ከ2,500 ዓመት በፊት በእኛ አካባቢ ደን መንጥሮ መሬት የሚይዝ ሕዝብ ነበረ ማለት ነው። በሰሜን የየሐ ቤተ መቅደስ ቆሞ በነበረበት በዚያው ጥንታዊ ዘመን፥ በሐይቅ ዙሪያም መጥረቢያና እሳት በሥራ ላይ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ድንጋይ ጠርበው ሐውልት አላቆሙልንም፤ ነገር ግን ያስወገዱት ደንና ያሰፉት ሣር ሐውልታቸው ሆኖ ከውሃው ሥር ተቀምጧል። የአበባ ብናኝ የሰውን ቋንቋና ሃይማኖት አይናገርም። ስለዚህም ይህ ጥንታዊነት የአንዱ ወገን ብቻ ነው ብሎ ለመኵራራት አይመችም፤ በዚህ ምድር ላይ የኖረ ሁሉ ወራሹ ነው።

ሁለተኛ፥ አባ ኢየሱስ ሞዐ ወደ ደሴቲቱ በመጡ ጊዜ በዙሪያው ያዩት አገር ማንም ያልነካው ጥቅጥቅ ያለ ጫካ አልነበረም። ከአንድ ሺህ ሰባት መቶ ዓመት በፊት የተመነጠረ፥ ክትክታና ሣር የበዛበት፥ የታወቀ የሰው መኖሪያ ነበረ። መጻሕፍቱ ታሪኩን የሚጀምሩት ከመካከሉ እንደ ሆነ ጭቃው አስረዳን።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ብዙዎቻችን፥ «አገሩ ሁሉ እስከ አያቶቻችን ዘመን ደን ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ ጠፋ» እየተባልን አድገናል። ሌሎችም፥ «የወሎ መሬት አርጅቷል፤ ከእንግዲህ ወዲህ አይድንም» ሲሉ ይሰማል። ጭቃው ግን ሁለቱንም ያርማቸዋል። ደኑ የጠፋው ትናንት ብቻ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ከጠፋ በኋላም ተመልሷል። ለመመለሱ ምክንያት ሊሆኑ የሚችሉት ሁለት ናቸው፤ የዝናቡ መጨመር፥ ወይም የሰውና የከብት ቍጥር መቀነስ። ሁለቱም በአንድነት ሠርተው ይሆናል። የጦርነትና የመፈናቀል ዘመን የነበረው 16ኛው መቶ ዓመት ደኑ በተስፋፋበት ጊዜ ውስጥ መግባቱም የሚያሳስብ ነገር ነው፤ ዛፉ የበዛው ሰው መከራ በተቀበለበት ዘመን ጭምር ነውና።

ይህ ለእኛ የትምህርት ቤት ጨዋታ አይደለም። ወሎ በ1966 ዓ.ም. እና በ1977 ዓ.ም. የደረሰበትን ረኃብ የማያውቅ ቤተሰብ በመካከላችን የለም። ያን ጊዜ ብዙ የውጭ አገር ሰዎች የወሎን ስም የሰሙት ከረኃብ ጋር ብቻ ነበር። አንድ ልጅ ስለ አገሩ የሚያውቀው ይህን ብቻ ከሆነ፥ ምድሩን እንደ ተረገመች ቈጥሮ ሊሰደድ ይነሣል። ታሪኳን የሚያውቅ ግን፥ ይህች ምድር 2,500 ዓመት ሰው ስትመግብ የኖረች፥ ተራቍታም እንደ ገና የለበሰች እንደ ሆነች ይረዳል። የድሮው ደን ለመመለስ መቶ ዓመታት ፈጅቶበታል፤ ምናልባትም ከሰው መቀነስ ጋር ነበር። የእኛ ትውልድ ሥራ ሰው ሳይጐዳ ደኑን መመለስ ነው። በየተራራው የሚሠራው እርከንና ከከብት የተከለለው ቍጥቋጦ፥ ለገበሬው ወላጆቻችን ድካም ቢሆንም፥ ከዚህ ታሪክ አንጻር ሲታይ ትርጕሙ ታላቅ ነው።

አሁን ስለ ምስክሮቹ አጠባበቅ ጥቂት እንናገር። ሦስቱም እኩል አይጠበቁም። ጭቃው ከውሃ በታች ስለ ሆነ ራሱን ይጠብቃል። ብራናውን መነኰሳት ሰባት መቶ ዓመት በላይ ጠብቀውታል። የሽማግሌ ቃል ግን ከሽማግሌው ጋር ይቀበራል። ከእርሻ ውስጥ የሚወጣው ገል፥ የድንጋይ መሣሪያና የድሮ ገንዘብም በአንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል። በ2014 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት የደሴ ሙዚየም መዘረፉ፥ ቅርስ በቤት ውስጥ ተቈልፎ እንኳ ምን ያህል ለአደጋ የተጋለጠ እንደ ሆነ አሳይቶናል።

ስለዚህ ተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ በእረፍት ጊዜ ወደየወላጆቻችን ቀበሌ ስንመለስ ልናደርገው የምንችለው ሥራ አለ። አንደኛ፥ የአያቶቻችንን ቃል በደብተር እንጻፍ፤ የተናጋሪውን ዕድሜና የቀበሌውን ስም ጭምር። ሁለተኛ፥ በማረሻ የወጣ ጥንታዊ ዕቃ ብናይ ከስፍራው አናንሣው፥ ለነጋዴም አንሽጠው። አንድ ገል ዋጋው በተገኘበት ቦታና በተኛበት የአፈር ደረጃ ነው፤ ከቦታው ከተነሣ አንደበቱ እንደ ተቈረጠ ምስክር ይሆናል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209 እንዲህ ያለ ነገር ያገኘ ሰው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ሦስተኛ፥ የታሪክ ትምህርትን ከሥነ ሕይወትና ከኬሚስትሪ ለይተን አንየው። የሐይቅን ታሪክ 1,700 ዓመት ወደ ኋላ ያስረዘሙት ግዕዝ አንባቢዎች ሳይሆኑ የአበባ ብናኝ ቈጣሪዎች ናቸው፤ የብናኙንም ዘመን ከገዳሙ ዘመን ጋር ለማስተያየት ደግሞ ግዕዝ አንባቢው የግድ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ወደ ፊት፥ «የእናንተ አገር ምን ጥንታዊ ነገር አለው?» የሚለን ቢኖር መልስ አናጣም። በሸምበቆ ታንኳ ይደረስበት የነበረ የትምህርት ደሴት አለን እንለዋለን። ከ1273 ዓ.ም. ጀምሮ የተጠበቀ ወንጌል አለን እንለዋለን። ከእነዚህም ሁሉ በፊት፥ ስማቸው ያልተጻፈላቸው ገበሬዎች የሥራቸውን መዝገብ ያኖሩበት፥ ሦስት ሺህ ዓመት የሞላው የጭቃ መጽሐፍ አለን እንለዋለን። የዚያ መጽሐፍ የላይኛው ገጽ ዛሬም እየተጻፈ ነው። ከሺህ ዓመት በኋላ ቱቦውን የሚያወርደው ተመራማሪ በእኛ ዘመን ደረጃ ላይ የታጠበ አፈር ያግኝ ወይስ የጥድና የወይራ ብናኝ፥ የሚወስነው የዚህ ትውልድ እጅ ነው።